የመረዳጃ ቡድኖቹ ስልክ፣ መዝገብና ራምፕ፤ እየሠራን የተያዘ ማስታወሻ

መነሻ

ሦስት ትንንሽ ቡድኖች ናቸው። አንዱ የአካል ጉዳተኞች፣ አንዱ የቤት ሠራተኞች፣ አንዱ ደሞ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና እነሱን እየዞሩ የሚያዩ ጎረቤቶች። ሦስቱም አንድ ክፍል በተራ ይሰበሰቡበታል። የኔ ሥራ ቴክኒኩን ማገዝ ነው፦ ስልክ፣ መዝገብ፣ ሒሳብ፣ ደብዳቤ፣ ሌላም በእጅ የሚሠራ ነገር ካለ።

መጀመሪያ ከሦስቱም ጋር ቁጭ ብለን ምን እንደጎደለ ጠየቅን። የቤት ሠራተኞቹ "ችግር ሲገጥመን የምንደውልበት ቋሚ ቁጥር የለንም" አሉ። አረጋውያኑ ጋ የመጣው ገንዘብ የት እንደዋለ ማንም በትክክል አያውቅም። የአካል ጉዳተኞቹ ሰብሳቢ ደሞ አጭር ነገር ነው የተናገሩት፣ "እኛ የምንሰበሰብበት ክፍል በር ላይ ደረጃ አለ።" በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ይባላል።

ሥራ ሳንጀምር አንድ ነገር ተስማማን፣ ቃለ ጉባኤ ላይም ሰፈረ። ረዳት ሐሳብ ያቀርባል እንጂ አይወስንም፣ ዝርዝሩም ቁልፉም የሚቀመጠው አባላት እጅ ነው። የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት (የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው) አንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ መንግሥታት እነሱን የሚመለከት ሕግና ፖሊሲ ሲያወጡ ከራሳቸው ጋር፣ በሚወክሏቸው ድርጅቶች በኩል፣ በቅርብ እንዲመካከሩ ያስገድዳል። መንግሥት የተገደደበትን እኛ በጎ ፈቃደኞች የምንዘልበት ምክንያት የለም።

ያለን ዕቃ፦ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ፣ አንድ ባለ ቁልፍ ስልክ፣ አንድ ስማርት ስልክ፣ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን፣ እና አረጋውያኑ ጋ ለዓመታት ሲጻፍበት የኖረ ወፍራም ደብተር። ደብተሩ ከሁሉም ይበልጣል፣ ማን መቼ ታመመ፣ ማን ምን ወሰደ፣ ሁሉም አለበት። ስለዚህ አዲስ ነገር ከመፍጠር ደብተሩ ላይ ተነሳን።

ሳምንት 1 እና 2፣ ስልኩ

አንድ በጎ ፈቃደኛ ልጅ በጉግል ፎርም የጥያቄ መቀበያ ሠርቶ መጣ። ቆንጆ ነው፣ ግን አባላቱ አብዛኞቹ ስማርት ስልክ የላቸውም፣ ማንበብ የማይችሉም አሉ፣ የቤት ሠራተኛዋ ደሞ ስልኳን አሠሪዋ የሚፈትሹባት ከሆነ የተሞላ ፎርም ማስረጃ ሆኖ ሊመጣባት ይችላል። ፎርሙ ለበጎ ፈቃደኞች የውስጥ ሥራ ብቻ ቀረ።

በምትኩ ሚስኮል ሆነ። ሚስኮል ታደርጋለህ፣ ተረኛው መልሶ ይደውላል፣ ወጪው የቡድኑ ነው። ሲደወል ሌላ ሰው ካነሳው ተረኛው "ይቅርታ ቁጥር ተሳስቼ ነው" ብሎ ይዘጋል። የቡድኑ ስም አይጠራም። ይሄን ያወጡት የቤት ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው፣ እኛ ብናስብ ኖሮ አይመጣልንም ነበር።

መልእክት ማሰራጨት ላይ የካርድ ወጪው አስደነገጠን። ምክንያቱን ለሚሠራ ሁሉ ልንገር፦ አንድ የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል እስከ 160 ምልክት ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው። ከ70 ካለፈ ይቆራረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ብቻ ይይዛል፣ ምክንያቱም ቁራጮቹን መልሶ የሚያገጣጥመው መረጃ ቦታ ይወስዳል። መጀመሪያ የተጻፈው የስብሰባ ጥሪ ሰላምታውም ምስጋናውም ተጨምሮበት ወደ 150 ምልክት ነበር፣ ማለትም ለአንድ ሰው የሦስት መልእክት ሒሳብ ነው የሚቆረጠው፣ በአባላቱ ቁጥር ሲባዛ ደሞ ካርዱ በአንድ ስብሰባ ብቻ አለቀ። በላቲን ፊደል ይጻፍ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፣ አረጋውያኑ ግን በላቲን የተጻፈ አማርኛ አያነቡም፣ እና ማንበብ ያልቻሉት መልእክት በርካሽ ቢደርሳቸው ምን ሊሠራላቸው። አሁን እንዲህ ሆኗል፦

"ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ስብሰባ አለ። መምጣት ያልቻለ ሚስኮል ያድርግ፤ እንደውላለን።"

ከነክፍተቱ 51 ምልክት። ለማያነቡት ደሞ የስልክ ሰንሰለት አለ፣ አንዱ ለአራት ሰው ይደውላል፣ አራቱም እንደዚያው። ሰንሰለቱ መሐል ላይ የሚበጠሰው ስልኩ የተዘጋ ሰው ሲኖር ስለሆነ ለእያንዳንዱ ተጠባባቂ ጻፍን።

ሌላም አለ፣ የስብሰባ ማስታወቂያ በፖስተር ምስል ተሠርቶ ቴሌግራም ላይ ይለጠፍ ነበር። ዐይነ ሥውር አባላት ስልኩን የሚያነብላቸውን ቶክባክ ሲያስነኩት ዝም ይላል፣ ምስል ላይ ያለ ጽሑፍ ለሱ እንደ ፎቶ ነውና። አሁን ከፖስተሩ ሥር ሙሉው በጽሑፍ ይደገማል፣ ቮይስም ይላካል። ወጪው ዜሮ። ቀድሞ አለመደረጉ ያሳዝናል፣ ሰዎቹ ስብሰባ እንደቀረ እየመሰላቸው ቤታቸው ይቀሩ ነበር።

ሳምንት 3፣ መዝገቡ

ደብተሩን ወደ ጉግል ሺት (ኢንተርኔት ላይ ያለ ሠንጠረዥ) መገልበጥ ተጀመረ። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ወሰድን፣ መውሰድም ነበረብን። ዝርዝር የያዘ ወረቀት የተሳሳተ እጅ ቢገባ የሚጎዳው ሰው አለ፣ በተለይ ከአሠሪ ቤት ጠፍታ የወጣች ልጅ ወይ ባሏን ሸሽታ የተደበቀች ሴት ያለችበት አድራሻ ተጽፎ ከተገኘ።

ስለዚህ እያንዳንዱን ዓምድ እያነሳን "ይሄን ባናውቅ ሥራው ይቆማል?" ብለን ጠየቅን። የአሠሪ ስም ወጣ። የመታወቂያ ፎቶ ወጣ። ሃይማኖትና ብሔር ወጡ። በሽታ ምንድነው የሚለውም ወጣና "ምን ዓይነት እገዛ" በሚል ተተካ፣ ለምሳሌ "በወር አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት አብሮ የሚሄድ ሰው" ከተባለ ይበቃል፣ ለምን እንደምትሄድ የሷ ጉዳይ ነው። ሺቱ ላይ የቀረው ኮድ ቁጥር፣ የእገዛው ዓይነት፣ የተጠየቀበት ቀን፣ ማን እንደያዘው፣ አለቀ ወይስ አላለቀም። ስምና ስልክ ከኮዱ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር በእጅ ተጽፎ ሣጥኑ ውስጥ ነው። ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው፣ ሁለቱም አባላት ጋ ናቸው።

ሺቱን ከፍተን ማጋሪያው ላይ ስናይ "ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል" ላይ ነበር የቆመው፣ የሠራው ልጅ ለመላላክ እንዲመች ብሎ ነው። ተዘጋ፣ በኢሜይል በስም ለተፈቀደላቸው ብቻ ሆነ። ምን ተለወጠ የሚለውን ከቨርዥን ሂስትሪ (የለውጦች ታሪክ) ላይ ወደ ኋላ ሄደን አየን፣ የጎደለ ነገር የለም። ማን ከፍቶ እንዳየው ግን ከዚያ ላይ አይታይም፣ ስለዚህ ኮድ ቁጥሮቹን በሙሉ ቀየርናቸው። አድካሚ ነበር፣ ግን ሌላ መንገድ አልነበረም።

ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሰው ጉዳይ ማውራት ቆመ። የቴሌግራም ግሩፕና ተራ ቻት ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ አይደለም፣ እንደዚያ የሚሆነው ሚስጥራዊ ቻት የሚባለው የሁለት ሰው ቻት ብቻ ነው። ሲግናል የሚባለው የመልእክት መተግበሪያ ግን ከመጀመሪያውም የተመሰጠረ ነው፣ መልእክቱም በተወሰነ ጊዜ ራሱ እንዲጠፋ ይደረጋል። ተረኞቹ ወደ ሲግናል ሄዱ፣ ቴሌግራሙ ለማስታወቂያ ቀረ። ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዙት ደሞ በአካል ወይ በድምፅ።

እዚሁ ላይ የፎቶ ነገር ተነሳ። ዕቃ ያመጣ አንድ ለጋሽ ተቀባዮቹ ተሰልፈው ፎቶ እንዲነሱለት ጠየቀ። አባላቱ ተሰብስበው ድምፅ ሰጡ፣ አይሆንም አሉ። በምትኩ የዕቃው ፎቶ፣ የተፈረመ የርክክብ ወረቀትና የስርጭቱ ማጠቃለያ ያለ ስም ተሰጠው። ተቀበለ፣ ለሚቀጥለው ግን እንጃ። ቢቀር እንኳ ውሳኔያቸው ትክክል ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ሰው ስለተራበ ፊቱን መሸጥ የለበትም።

ዕቃ ማከማቻ (አጭር)

የምግብ እሽጎቹ መሬት ላይ ነበሩ፣ እርጥበት ታችኞቹን ነክቷቸዋል። ጣውላ ተነጥፎ ከመሬትም ከግድግዳም ራቁ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ከፊት ይደረደራል፣ ቀድሞ ይወጣል። መድኃኒት በልገሳ መጥቶ ነበር፣ አንሰጥም፣ ማንም ባለሙያ ሳያይ መድኃኒት የምናድል ሰዎች አይደለንም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የሚለገስ መድኃኒት ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት ዕድሜ እንዲቀረው ይጠይቃል፣ የመጣው ብዙው ጊዜው ሊያልፍ ወራት የቀሩት ነበር። ለሰጪው በደብዳቤ ተመለሰ።

ሳምንት 5 አካባቢ፣ ሒሳብ

ሦስቱ ቡድኖች አንድ የጋራ ድንገተኛ ፈንድ አቋቋሙ። ከባንክ የሚወጣው በጣምራ ፊርማ ነው፣ ሁለቱ ፈራሚዎች ከሁለት የተለያዩ ቡድኖች። ሣጥን ውስጥ ለሚያድረው የእጅ ገንዘብ ከዚህ አይበልጥም የሚል ጣሪያ ተቀምጦለታል፣ በየሳምንቱ በሦስተኛ ሰው ፊት ይቆጠራል። ደረሰኝ የማይገኝለት ወጪ (የትራንስፖርት፣ የተሸካሚ) በትንሽ ቫውቸር ላይ ሰጪና ተቀባይ ይፈርማሉ፣ መፈረም የማይችል በጣት አሻራ።

ሪፖርቱን መጀመሪያ በኤክሴል አትመን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ማንም አላነበበውም። የማያነቡ አሉ፣ ዐይነ ሥውራን አሉ፣ የሚያነቡትም ቢሆኑ የቁጥር ዓምድ ያደክማቸዋል። አሁን ስብሰባው ሲጀመር ገንዘብ ያዧ እናት ጮክ ብለው ይናገራሉ፦ ይሄን ያህል ነበረ፣ ይሄን ያህል ገባ፣ ለዚህ ለዚህ ወጣ፣ ይሄ ቀረ። አራት ዓረፍተ ነገር ነው፣ ጥያቄ ግን ይዘንባል። አንድ አባት "የትራንስፖርቱ ለምን ከምግቡ በለጠ?" ብለው ጠየቁ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ትልቁን ወጪ የያዘው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ዊልቸር ተጠቃሚ የጋራ ትራንስፖርት ላይ መውጣት ካልቻለ ኮንትራት መያዝ አለበት፣ አብሮት የሚሄደውም ሰው መመለስ አለበት። በጀት ስትሠሩ ይሄን አስቀድማችሁ አስገቡት፣ አለዚያ "ተሳትፎ" የሚባለው ነገር መራመድ ለሚችሉ ብቻ ይሆናል።

ቀጥሎ ያለው ወጪ ካርድ ነው፣ ከዚያ ፎቶኮፒ።

ብዙ ያዋጣ ሰው ድምፁ ይብዛ የሚል ሐሳብም መጣ። ረጅም ክርክር ነበር፣ እስከ ማታ ነው የቆየው። እኔ የተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1844 እንግሊዝ አገር ሮችዴል ላይ የኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቋሙት ሠራተኞች የድርሻ መጠን ሳያዩ አንድ አባል አንድ ድምፅ ብለው ሠርተዋል፣ እስከ ዛሬም የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሠረታዊ መርህ እሱው ነው። ወሳኙ ነገር ግን ከዚያ በኋላ አንዲት የቤት ሠራተኛ የተናገረችው ነበር፣ "እኔ የማዋጣው ትንሽ ነው፣ ችግር ሲመጣ ግን ቀድማ የምትነካው እኔ ነኝ።" ድምፅ ተሰጠ፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ ሆነ።

ራምፑ

ራምፕ ማለት በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት ነው። እዚህ ላይ በደንብ ልጻፍ፣ ሌሎችም ይጠቅማቸዋል።

በሩ ላይ ሁለት ደረጃ አለ፣ አንዱ 17 ሳንቲሜትር፣ ድምሩ 34። ከቡድኑ አባላት አንዱ አናጢ ናቸው፣ እሳቸው ሥራ ላይ ስለነበሩ ሌላ አናጢ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ አጋድሞ ሠራ። አንድ በእጁ የሚነዳ ዊልቸር ተጠቃሚ ሞከረው። መሐል ላይ ሲደርስ የፊት ጎማዎቹ ተነሱ፣ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ሲል ከኋላ ተያዘ። አናጢው "ችግር የለውም፣ እኛ እንገፋቸዋለን" አለ። ወንድማችን ግን "ልገፋ አይደለም የመጣሁት፣ ራሴ መግባት ነው የምፈልገው" አለ።

ሒሳቡ ይሄ ነው። በብዙ ቦታ የሚሠራበት የራምፕ ልክ 1 ለ 12 ነው፣ ማለትም ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲሜትር ከፍታ 12 ሳንቲሜትር ርዝመት። 34 ሲባዛ በ12፣ 408 ሳንቲሜትር። የተሠራው 200 ነበር፣ ወደ 1 ለ 6 ይጠጋል፣ እጥፍ ገደላማ ማለት ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ግን 408 የሚሆን ቦታ የለም፣ አጥሩ ቅርብ ነው። ስለዚህ በሁለት ተከፍሎ እንዲታጠፍ ሆነ፦ መጀመሪያ 17 ሳንቲሜትር ከፍታ በ204 ሳንቲሜትር፣ ከዚያ ዊልቸሩ የሚዞርበት 150 በ150 የሆነ ጠፍጣፋ ማረፊያ፣ ከዚያ ሌላ 204፣ በሩ ጋ ደሞ ሌላ ማረፊያ። የበሩ ማረፊያ መጀመሪያ ፕላኑ ላይ አልነበረም፣ ያስገባው ያው ዊልቸር ተጠቃሚው ነው፣ "በሩን ስከፍት የምቆመው ገደል ላይ ነው ወይ?" ብሎ። እውነቱን ነው፣ ሁለት እጁ ጎማው ላይ ከሆነ በሩን በምን ይከፍታል።

ስፋቱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 100 ሳንቲሜትር ሆነ፣ ከ90 በታች አትውረዱ። በሁለቱም ጎን ከፍ ያለ የጠርዝ እንጨት ተመታ፣ ጎማ እንዳያልፍ ነው፣ ለነጭ በትር ተጠቃሚም ጠርዙ በበትሩ ይታወቀዋል። ትንሽ ማየት የሚችሉት አባላት ደሞ የራምፑ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ደማቅ ቢጫ መስመር ጠየቁ፣ ተቀባ።

ከዚያ ዘነበ። የረጠበው እንጨት አንሸራተተ፣ አንዲት በክራንች የሚሄዱ እናት ሊወድቁ ነበር። ጎማ ምንጣፍ ሞከርን፣ ከሥሩ ውሃ ያዘና እንጨቱን ሊያበሰብስ ሆነ፣ ተነሳ። ቀጥሎ ቀለም ተቀብቶ ሳይደርቅ የተነፋ ደረቅ አሸዋ ተነሰነሰበት፣ ሲደርቅ የተረፈው ተጠርጎ ሌላ ስስ ቀለም ከላይ። ይሄኛው ሠራ። በጣውላዎቹ መሐል ደሞ ውሃ የሚወርድበት ትንሽ ክፍተት አለ፣ የክራንች ጫፍ የማያስገባ።

የእንጨቱን ሥራ በመጨረሻ የጨረሱት የቡድኑ አናጢ ናቸው፣ ሁለት ወጣቶችንም አብረው አሠለጠኑ። መጀመሪያ የተገዛው ጣውላ ግማሹ ለጠርዝ ዋለ እንጂ አልተጣለም። ትልቁ ወጪ ብሎንና ቀለም ነበር።

ደብዳቤው

የአካል ጉዳተኞቹ የሚገለገሉበት አንድ ቢሮ መስኮቱ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ቀደም ሲል አንድ ረጅም አቤቱታ ገብቶ ነበር፣ የዓመታት ብሶት ሁሉ ያለበት፣ መልሱ "ይታያል" ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው እንዲህ ተሠራ። መጀመሪያ ማስረጃ፦ አባላቱ ሄደው በተመለሱ ቁጥር ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ጠየቁ፣ ምን ተባሉ የሚለውን ለተረኛው በስልክ ይናገራሉ፣ ይመዘገባል። ከዚያ ደብዳቤው አንድ ገጽ፣ አንድ ጥያቄ (መስኮቱ ምድር ቤት ይውረድ)፣ አንድ የምላሽ ቀን። በሁለት ኮፒ ይገባል፣ የኛው ኮፒ ላይ መዝገብ ቤት ማኅተምና የገቢ ቁጥር ያሳርፍበታል፣ ያለዚያ "አልደረሰንም" ቢባል መልስ የለንም። ይዘውት የገቡት አባላቱ ናቸው፣ እኔ አልሄድኩም፣ ረዳት ፊት ለፊት ከቆመ ኃላፊው የሚያናግረው ረዳቱን ነው።

ውጤቱ ግማሽ ነው። በሳምንት የተወሰኑ ቀናት አንድ ሠራተኛ ምድር ቤት ወርዶ ያስተናግዳል። ቡድኑ አልረካም፣ ሌላ ደብዳቤ እየተዘጋጀ ነው፣ አሁን ደሞ በእነዚያ ቀናት ስንት ሰው እንደተስተናገደ ይቆጥራሉ።

የቤት ሠራተኞቹ ሌላ ነገር ሠሩ። የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 (እ.ኤ.አ. 2011) የነሱ ነው፣ እዚያ ላይ የሳምንት ዕረፍት ቢያንስ ተከታታይ 24 ሰዓት እንዲሆን፣ ፓስፖርትና መታወቂያቸውም በራሳቸው እጅ እንዲቆይ ይላል። ስምምነቱ የሚያስገድደው ያጸደቀውን አገር ስለሆነ እንደ ሕግ አልጠቀሱትም፣ ከአሠሪ ጋር ሲነጋገሩ መነሻ አደረጉት። ኪስ የምትገባ ትንሽ ካርድ ተሠራች፦ የዕረፍት ቀን፣ ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን፣ ሰነዴ እኔ ጋ ይቆያል። ጽሑፉ ስድስት ጊዜ ነው የተከለሰው፣ በየጊዜው እያሳጠሩት፣ "እመቤቴ ፊት ሳልንቀጠቀጥ የምናገረው መሆን አለበት" እያሉ። ስልክ ቁጥሩ ካርዱ ላይ የለም፣ በቃል ነው የሚያዘው።

ተራና ድካም

ስልኩን ማታ የምትይዘው ልጅ እንቅልፍ አጣች። ከባድ ነገር ነው የምትሰማው፣ የተደበደበች፣ የተባረረች፣ ሌሊት መንገድ ላይ የቀረች። ተራው በየሁለት ቀኑ ይለወጥ ተባለ፣ ከባድ ጥሪ የተቀበለ ሰው በማግስቱ ከሌላ ተረኛ ጋር ቁጭ ብሎ ያወራል፣ ይሄ ግዴታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት በሚሉ ሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው፣ እሱን በአንድ ወረቀት ጻፍነው። አባላቱን በጣም የረዳቸው ሦስተኛው ነው። ተረኛዋ ችግሩን ራሷ መፍታት አይጠበቅባትም፣ የሚፈታው ጋ ማድረስ ነው ሥራዋ። ስለዚህ የመጠለያ፣ የሕግ ድጋፍና የሐኪም ቤት ስልኮች ዝርዝር ተሠራ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ተደውሎ ተሞከረ። ከዝርዝሩ የማይሠራ ቁጥር በጣም ብዙ ነበር። በየወሩ እንደገና ይሞከራል፣ ምክንያቱም ሌሊት ላይ የማይነሳ ቁጥር መስጠት ሰውን ሁለተኛ መጣል ነው።

አሁን ያለንበት

የሺቱ ባለቤትነት ከኔ ወደ ቡድኖቹ የጋራ ኢሜይል ተላልፏል፣ የይለፍ ቃሉን ሁለት አባላት ቀይረውታል፣ እኔ አላውቀውም። አንዷ የቤት ሠራተኛ ኤክሴል እየተማረች ነው፣ ማጣሪያ (ፊልተር) ደርሳበታለች፣ ያላለቁ ጥያቄዎችን ለብቻ አውጥታ ስብሰባ ላይ ታነባለች። ከተጠየቀው ገና ያልተፈታው በብዛት የአረጋውያኑ የሐኪም ቤት አጃቢ ነው፣ ሰው ጠፍቶ። ለዚህ ወጣቶች እየተጠየቁ ነው።

የቀረ ሥራ፦ የራምፑ መደገፊያ በአንድ ጎን ብቻ ነው፣ ሌላው ጎን ብረት ይፈልጋል። የባለ ቁልፍ ስልኩ ባትሪ አብጧል፣ ይቀየራል። ለቢሮው እየተዘጋጀ ያለው አዲሱ ደብዳቤ ሐሙስ ይገባል፣ ሰብሳቢው ይዘውት ይሄዳሉ።